አልዛይመር ይወረሳል? ዘረመል የሚወስነውና የማይወስነው

እናት ወይም አባት የልጆቻቸውን ስም መሳት፣ የለመዱት መንገድ መጥፋት ሲጀምሩ፣ ከሐዘኑ ጎን አንድ ጥያቄ ቤት ውስጥ መዞሩ አይቀርም፦ «ይህ ነገር በዘራችን አለ ማለት ነው? ነገስ እኔን ይይዘኛል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። አንዱ «የዘር በሽታ ነው፤ ማምለጫ የለውም» ይላል። ሌላው «እርጅና ነው እንጂ ምን ዘር አለው» ብሎ ያልፈዋል።

ሁለቱም ከእውነቱ አንድ ጎን ይዘዋል፤ የሚናገሩት ግን ስለ ተለያዩ ቤተሰቦች ነው። በሽታውን ራሱ የሚያመጡ ጥቂት ዘረመሎች አሉ። በሽታው የመምጣቱን ዕድል ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉ ብዙ ዘረመሎች ደግሞ አሉ። የመጀመሪያዎቹ የሚገኙት በጣም ጥቂት ቤተሰቦች ውስጥ ነው፤ ሁለተኛዎቹ በየቤቱ ይገኛሉ። ሁለቱን ያልለየ ሰው ወይ ያለ ምክንያት ሲሰጋ ይኖራል፣ ወይ መጠንቀቅ ሲገባው ይዘናጋል። ይህ ማብራሪያ ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲሜንሺያ አንድ በሽታ አይደለም

ዲሜንሺያ የሚባለው የማስታወስ፣ የማሰብ፣ የመናገር ወይም ጠባይን የመግዛት አቅም የዕለት ኑሮን እስኪያውክ ድረስ ሲደክም ነው። መነሻው ብዙ ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ ነበረባቸው። ከእነዚህ ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆኑት መነሻው አልዛይመር ነው። ቀሪውን የደም ሥር ዲሜንሺያ፣ የሌዊ አካላት ዲሜንሺያ፣ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል የሚጎዳው ዲሜንሺያና ሌሎችም ይጋሩታል።

አልዛይመር ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። በ1901 ፍራንክፈርት በሚገኝ ሆስፒታል አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት መርምሮ ነበር። ሴትዮዋ በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ሁለት ነገር አገኘ፦ ከነርቭ ሴሎች ውጭ የተጠራቀመ ዝቃጭ፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተጠላለፈ ክር። ዛሬ ዝቃጩ አሚሎይድ ቤታ፣ ክሩ ደግሞ ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች እንደሆኑ ይታወቃል። ዕድሜዋንም ልብ በሉ። አልዛይመር በአብዛኛው ከ65 ዓመት በኋላ የሚመጣ በሽታ ነው፤ በ51 ዓመት መታየቱ እንግዳ ነገር ነው። በሽታው የጀመረበት ዕድሜ ከታች ደጋግሞ ይመጣል፤ ስለ ዘረመል ከሚጠየቀው ሁሉ የሚቀድመው እሱ ነውና።

ልጅ ከወላጅ ምን ይደርሰዋል?

እያንዳንዳችን ከጥቂቶቹ በስተቀር የሁሉም ዘረመሎች ሁለት ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዳንድ የዘረመል ስህተቶች በሽታውን ለማምጣት አንድ ቅጂ ብቻ ይበቃቸዋል። እንዲህ ያለ ስህተት ያለበት ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው ወይ ደህናውን ቅጂ ነው፣ ወይ የተበላሸውን። ስለዚህ የልጁ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አራት ልጆች ካሉ ሁለቱ ይወርሳሉ፣ ሁለቱ ያመልጣሉ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል። አራቱም ሊያመልጡ፣ አራቱም ሊወርሱ ይችላሉ። ያመለጠው ልጅ ደግሞ ስህተቱን ለልጆቹ አያስተላልፍም፤ የሌለውን ማውረስ አይችልምና።

በሽታውን የሚያመጡት ሦስቱ ዘረመሎች

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ሦስት ክሮሞዞም 21 ይዘው ይወለዳሉ። 40 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ አብዛኞቹ አንጎላቸው ውስጥ የአልዛይመር ዝቃጭ ይታያል። በ1984 ጆርጅ ግሌነርና ኬይን ዎንግ የዝቃጩን ፕሮቲን ለይተው አወጡ። ብዙ ሳይቆይ የፕሮቲኑ ምንጭ የሆነው ኤፒፒ የተባለ ዘረመል በዚያው በክሮሞዞም 21 ላይ ተገኘ። ሦስት ቅጂ ያለው ሰው ፕሮቲኑን ከሌላው አብልጦ ይሠራል፤ ዝቃጩም ቶሎ ይጠራቀማል።

በ1991 ለንደን ውስጥ በጆን ሃርዲ የሚመራ ቡድን፣ በሽታው ከትውልድ ትውልድ በሚተላለፍበት ቤተሰብ ውስጥ በኤፒፒ ላይ ያለ ስህተት አገኘ። በ1995 ሁለት ሌሎች ታወቁ፦ በክሮሞዞም 14 ላይ ያለው ፕሪሰኒሊን 1 እና በክሮሞዞም 1 ላይ ያለው ፕሪሰኒሊን 2። ሦስቱ ዘረመሎች የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም። ፕሪሰኒሊን የኤፒፒን ፕሮቲን የሚቆርጠው መቀስ አካል ነው። መቀሱ ሲበላሽ የሚቆረጠው ቁራጭ ቶሎ የሚጣበቅና የሚረጋ ዓይነት ይሆናል።

ከእነዚህ በአንዱ ላይ ከባድ ስህተት የወረሰ ሰው ዕድሜው ከፈቀደ በሽታው የመያዙ ነገር እርግጥ ነው ለማለት ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም ከ65 ዓመት በፊት፣ በ30ዎቹ፣ በ40ዎቹ ወይም በ50ዎቹ ዕድሜ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚመጣው ከጠቅላላው የአልዛይመር ሕመም 1 በመቶ አይሞላም።

ኮሎምቢያ፦ በአንድ ስህተት የታሰረ ዘር

«የሚወስን ዘረመል» ምን እንደሚመስል ለማየት ኮሎምቢያ ውስጥ ከሚገኘው ከአንቲዮኪያ ተራራማ አውራጃ የተሻለ ቦታ የለም። የነርቭ ሐኪሙ ፍራንሲስኮ ሎፔራ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዚያ መንደር ለመንደር እየዞረ የቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ይመዘግብ ነበር። ከቤተሰቦቹ መካከል መርሳቱን እርግማን ያመጣው ነው የሚሉ ነበሩ። ሎፔራ ያገኘው ግን በፕሪሰኒሊን 1 ላይ ያለ አንድ ስህተት ነበር። የተዛመዱት ሰዎች ወደ 6,000 ይጠጋሉ፤ ስህተቱን የያዙት ወደ 1,200 ይገመታሉ። የወረሰው ሰው በአማካይ በ44 ዓመቱ መርሳት ይጀምራል፤ በ49 ዓመቱ ዲሜንሺያ ላይ ይደርሳል።

ሆኖም ያው ምድር ሌላም ነገር አስተማረ። ስህተቱን የያዘች አንዲት ሴት ሰባዎቹን እስክትገባ ድረስ አልረሳችም፤ ከተጠበቀው ወደ 30 ዓመት ዘገየች ማለት ነው። በ2019 በታተመው ጥናት መሠረት አንጎሏ በአሚሎይድ ተሞልቶ ነበር፤ ታው ግን ጥቂት ነበር። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ ክራይስትቸርች የሚባል፣ ከታች የምንመለስበት የአፖኢ ዘረመል ብርቅ ዓይነት ከሁለቱም ወላጆቿ ወርሳ ተገኘች። በ2024 ደግሞ ከዚያው ዘር ይህን ዓይነት በአንድ ቅጂ ብቻ የያዙ 27 ሰዎች ተጠንተው፣ መርሳቱ ከሌሎቹ በአምስት ዓመት ገደማ ዘግይቶባቸው ነበር።

እንዲህ ያለ ጥበቃ ሌላም አለ። በ2012 አይስላንድ ውስጥ በራሱ በኤፒፒ ላይ፣ የአሚሎይድን ምርት የሚቀንስና ከአልዛይመር የሚከላከል ለውጥ ተገኝቷል። አንድ ዘረመል አንዱ ቦታ ላይ ሲለወጥ ያሳምማል፤ ሌላው ቦታ ላይ ሲለወጥ ይጠብቃል። ዛሬ መድኃኒት ፈላጊዎች እነዚህን ጠባቂ ለውጦች አጥብቀው የሚያጠኑት ለዚህ ነው።

አፖኢ፦ የሚያሰጋ እንጂ የማይፈርድ

አሁን ወደ ብዙኃኑ እንምጣ። ወላጁ በ78 ወይም በ82 ዓመቱ መርሳት የጀመረበት ሰው ከላይ ስለተነገሩት ሦስት ዘረመሎች የሚጨነቅበት ምክንያት እምብዛም የለውም። እሱን የሚመለከተው አፖኢ ነው።

አፖኢ በክሮሞዞም 19 ላይ የሚገኝ፣ በደምና በአንጎል ውስጥ ቅባት የሚያመላልስ ፕሮቲን የሚሠራ ዘረመል ነው። ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፦ አፖኢ 2፣ አፖኢ 3 እና አፖኢ 4። በ1993 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ የአለን ሮዝስ ቡድን አፖኢ 4 ከአልዛይመር ጋር እንደሚዛመድ አሳየ። የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ሲለካ፣ ሁለት አፖኢ 3 ካለው ሰው ይልቅ አንድ አፖኢ 4 ያለው ሰው ስጋት ወደ ሦስት እጥፍ፣ ሁለት ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ይደርሳል። አፖኢ 2 በተቃራኒው ስጋቱን ይቀንሳል። ከእነዚህ ሕዝቦች ሩብ ያህሉ አንድ አፖኢ 4 አላቸው፤ ሁለት ያላቸው ከ2 እስከ 3 በመቶ ናቸው።

«ሦስት እጥፍ» ሲባል መደንገጥ ቀላል ስለሆነ በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል በአንድ የዕድሜ ክልል ከ100 ሰው 2 ይታመማሉ እንበል። ሦስት እጥፍ ማለት 6 ነው፤ 94ቱ አይታመሙም። ስለዚህ እጥፉን የሚነግራችሁን ሰው «የስንት እጥፍ?» ብላችሁ ጠይቁ። መነሻው ካልታወቀ እጥፉ ብቻውን ትርጉም የለውም። ዕድሜ ሲገፋ ግን መነሻው ራሱ ስለሚያድግ እጥፉም እየከበደ ይሄዳል።

አፖኢ 4 ቁልቁለት ላይ እንዳለ ማሳ ነው። ከሜዳው ይልቅ ጎርፍ ያሰጋዋል፤ ነገር ግን አፈሩ መሄድ አለመሄዱን የዝናቡ ብርታትና እርከን መሠራት አለመሠራቱም ይወስናሉ። ሁለት አፖኢ 4 ይዘው እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አእምሯቸው ያልደከመ ሰዎች አሉ። አንድም ሳይኖራቸው አልዛይመር የያዛቸው ብዙዎች ናቸው። በ2024 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ሁለት አፖኢ 4 ያላቸው ሰዎች 65 ዓመት ሲሞላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም የአሚሎይድ ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ሁለት ቅጂ መያዝ ራሱን የቻለ የአልዛይመር ዓይነት ተደርጎ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚል ክርክርም አስነስቷል። ያም ሆኖ አሚሎይድ መኖሩና ሰውየው መርሳት መጀመሩ አንድ አይደሉም።

ከአፖኢ ሌላ ትንንሽ ስጋት የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። በ2022 የወጣ ጥናት በዘረመል ካርታ ላይ 75 ቦታዎችን ቆጥሯል። ከእነዚህ በርካቶቹ የአንጎልን የመከላከያ ሴሎች የሚመለከቱ ናቸው። ትሬም 2 የተባለው ዘረመል ለምሳሌ እነዚህ ሴሎች ዝቃጩን ከበው እንዲያጸዱ የሚረዳ ነው። ተመራማሪዎች አልዛይመርን የፕሮቲን ዝቃጭ ብቻ ሳይሆን የአንጎል መከላከያም ችግር አድርገው ማየት የጀመሩት ከእንዲህ ዓይነት ግኝቶች በኋላ ነው።

ቁጥሩ ለሁሉም ሕዝብ እኩል አይሠራም

ከላይ «የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ሲለካ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ናይጄሪያ ኢባዳን ውስጥ በሚኖሩ ዮሩባዎችና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ በሚኖሩ አፍሪካ አሜሪካውያን ላይ ለዓመታት ጎን ለጎን የተካሄደ ጥናት ነበር። በ2001 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ በየዓመቱ አዲስ አልዛይመር የሚይዛቸው ከዮሩባዎቹ 1.15 በመቶ፣ ከኢንዲያናፖሊሶቹ 2.52 በመቶ ነበሩ። አፖኢ 4 በዮሩባዎቹ ዘንድ ብርቅ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ቅጂ ብቻ መያዝ ስጋቱን በግልጽ ሲጨምር አልታየም። በጃፓናውያን ዘንድ በአንጻሩ አፖኢ 4 ከአውሮፓውያኑ ይልቅ ይበረታል። ኤቢሲኤ 7 የተባለ ሌላ ዘረመል ደግሞ በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ ያለው ተጽዕኖ ከአውሮፓ ዝርያዎች ይልቅ የጎላ ሆኖ በ2013 ተመዝግቧል።

ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት በአፖኢ ዙሪያ ያለው ዲኤንኤ ከሕዝብ ሕዝብ መለያየቱ ነው። ሌላው ኑሮ ነው፦ ምግብ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ እንቅስቃሴ። እስካሁን ከተጠኑት ሰዎች አብዛኞቹ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ በዋሽንግተን ወይም በለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ምራቁን በፖስታ ልኮ «አፖኢ 4 አለብህ» የሚል ውጤት ቢደርሰው፣ ከጎኑ የተጻፈው እጥፍ በሌላ ሕዝብ ላይ የተለካ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ሌሎቹ ዲሜንሺያዎችስ?

የፊትና የጎን አንጎልን የሚጎዳው ዲሜንሺያ ከአልዛይመር ይልቅ የቤተሰብ ታሪክ ጎልቶ የሚታይበት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚለወጠው ጠባይ ወይም ንግግር ስለሆነ ጨዋ የነበረው ሰው ይሉኝታ ሲያጣ፣ ገንዘብ ሲበትን፣ ለቤተሰቡ ግድ የለሽ ሲሆን ለዘመድ የሚታየው በሽታ ሳይሆን ብልግና ነው። ከዚህ ጋር የተያያዙ ሦስት ዋና ዘረመሎች ይታወቃሉ፦ በ1998 የታወቀው የታው ዘረመል፣ በ2006 የታወቀው ፕሮግራኑሊን፣ በ2011 የታወቀው ሲ9ኦርፍ72። የመጨረሻው ልዩ ነው። አንድ አጭር የዲኤንኤ ቃል በጤናማ ሰው ጥቂት ጊዜ ሲደገም፣ በታማሚው በመቶዎችና በሺዎች ጊዜ ይደገማል። ያው ስህተት በአንዱ ወንድም ላይ የጠባይ ለውጥ፣ በሌላው ላይ ጡንቻን የሚያመነምን የነርቭ በሽታ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ ሲጠየቅ «ሽባ ሆኖ የሞተ አለ?» የሚለውም መጠየቅ አለበት።

የሃንቲንግተን በሽታም የመደጋገም ስህተት ነው። በክሮሞዞም 4 ላይ ያለው ዘረመል በ1993 ተገኝቷል፤ ለዚህም በቬኔዝዌላ ማራካይቦ ሐይቅ ዙሪያ በሚኖሩ ቤተሰቦች ላይ የተደረገው ጥናት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ድግግሞሹ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው አይቀርም።

የደም ሥር ዲሜንሺያ በአብዛኛው የደም ግፊትና የስኳር ውጤት ነው። ኖች 3 በተባለ ዘረመል ስህተት የሚመጣ ብርቅ ዓይነትም አለ፤ መለያው ከባድ ራስ ምታትና በጎልማሳ ዕድሜ የሚደጋገም ስትሮክ ነው። የሌለ ነገር ማየትና የሰውነት መገተር የሚያስከትለው የሌዊ አካላት ዲሜንሺያ ደግሞ ከአፖኢ 4 እና ጂቢኤ ከተባለ ዘረመል ጋር ይዛመዳል። እነዚህ ግን ስጋት ይጨምራሉ እንጂ አይፈርዱም።

በእጃችን ያለው

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ዘገባ 14 ሊለወጡ የሚችሉ መነሻዎችን ዘርዝሯል። ሁሉም ቢወገዱ ከዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሎ ገምቷል። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ የትምህርት ማነስ፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ ብዙ አልኮል፣ እንቅስቃሴ ማጣት፣ ድብርት፣ ብቸኝነት፣ የጭንቅላት ጉዳትና የተበከለ አየር።

ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ሕዝብ ነው፤ አንድ ሰው ሁሉን ጠብቆም ሊታመም ይችላል። ቢሆንም አፖኢ 4 ያለበት ሰው ዘረመሉን መለወጥ አይችልም፤ ግፊቱን ግን መለካትና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ ይችላል።

ልመርመር ወይስ ይቅርብኝ?

በመጀመሪያ፣ የሚረሳ ሰው ሁሉ ዲሜንሺያ የለበትም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና በራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደም ሁሉ መርሳት ያመጣሉ፤ ሊታከሙም ይችላሉ። ከዘረመል በፊት እነዚህ ይታዩ።

የዘረመል ምርመራ ትርጉም የሚኖረው ብዙውን ጊዜ በሽታው ከ65 ዓመት በፊት በተከታታይ ትውልዶች ሲታይ ነው። ያን ጊዜም የሚመረመረው መጀመሪያ የታመመው ሰው ነው፤ በእሱ ላይ ስህተቱ ካልተገኘ በልጁ ላይ መፈለጉ ብዙም አይረዳም። ጤነኛው ልጅ ከመመርመሩ በፊት ከዘረመል አማካሪ ጋር መነጋገር አለበት። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ እንዳልታወቀ ማድረግ አይቻልም፤ ስለ እህት ወንድሞቹም ሳይጠይቁ ይናገራል። አለማወቅን መምረጥም መብት ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን በጉልምስና ለሚመጣ በሽታ መመርመር አይመከርም።

ለጤነኛ ሰው አፖኢን ብቻ መመርመርን ባለሙያዎች በአብዛኛው አይመክሩም። አሁን ግን አንድ አዲስ ምክንያት መጥቷል። አሜሪካ በ2023 እና በ2024 የፈቀደቻቸው ሌካነማብና ዶናነማብ የተባሉ አሚሎይድን የሚያጸዱ መድኃኒቶች፣ በተለይ ሁለት አፖኢ 4 ባላቸው ሰዎች ላይ የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ምርመራው እንዲደረግ ይመከራል።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎች፦ በ2008 የወጣው ሕግ የጤና መድንና አሠሪ በዘረመል ውጤት ምክንያት እንዳያገልሉ ይከለክላል። የሕይወት መድንን፣ የአካል ጉዳት መድንንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን ግን አይሸፍንም። ምራቅ ከመላካችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ሐኪም ዘንድ ይዛችሁ የምትሄዱት

አንድ ወረቀት ላይ የሦስት ትውልድ የዘር ሐረግ ጻፉ፦ አያቶች፣ ወላጆችና ወንድሞቻቸው፣ እናንተ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር መዝግቡ። በስንት ዓመቱ ጀመረው? መጀመሪያ የታየው ምን ነበር፤ መርሳት፣ የጠባይ ለውጥ፣ የእንቅስቃሴ ችግር ወይስ ስትሮክ? በስንት ዓመቱ ሞተ? በወጣትነት የሞቱትንም አትርሱ፤ በሽታው ሳይታይባቸው አልፈው ሊሆን ይችላልና። ዕድሜ በትክክል ካልታወቀ «ደርግ ሲገባ ጀምሮት ነበር» የሚል መረጃም ይጠቅማል።

ወረቀቱ ከሦስት አንዱን ያሳያል። ከ65 ዓመት በፊት በየትውልዱ የሚታይ ሕመም ካለ የዘረመል ባለሙያ ያስፈልጋል። የጠባይ ለውጥ፣ ሽባነት ወይም ተደጋጋሚ ስትሮክ ከተቀላቀለበት ለነርቭ ሐኪሙ ያንን ለይታችሁ ንገሩት። «አያቴም አባቴም የጃጁት ሰማንያን ካለፉ በኋላ ነው» የሚል ቤተሰብ ግን ከዘረመል ምርመራ በፊት የሚያስፈልገው የደም ግፊት መለኪያ ነው።